በእድፍ ላይ የፈሰሰ ዘይት

አንድ ወተት አመላላሽ ነበረ። ከደጋው መንደር ወተት ሰብስቦ በሞተር ሳይክል ቆላ ወዳለችው ከተማ ያወርዳል። ሚስቱንና ልጆቹን የሚያስተዳድረው በዚያችው ሞተር ነው፤ ሌላ መሬትም ከብትም የለውም። ስለዚህ ሞተሯን እንደ ዓይኑ ብሌን ያያታል።

ይመር፣ ፈገግ አትበል። ሸህ አወል ደግሞ ስለ ሞተር ምን ያውቃል እያልክ ነው። እኔ የማውቀው ከኋላ ተፈናጥጬ ገበያ መውረድ ብቻ ነው፤ ታሪኩን ግን ባለቤቱ ራሱ ነው የነገረኝ። ጥያቄህን አልረሳሁትም። «ከወንድሜ ከሙሄ ጋር ስንት ጊዜ ታረቅን፣ ስንት ጊዜ ተመልሰን ተጣላን። አሁን ደግሞ የፊታችን ጁምዓ ለእርቅ ኑ ተብለናል። እርቅ የማይበረክት ከሆነ ምን ይሠራልኛል? ድርሻዬን ሸጬ አገር ብለቅ፣ ሁለተኛ ዓይኑን ባላየው አይሻልም ወይ?» ነው ያልከኝ። መልሱ እየመጣ ነው፤ አታቋርጠኝ።

ወተት አመላላሹ እጁ ለጋስ ነበር። በየጠዋቱ ሞተሯን ከማስነሳቱ በፊት በሰንሰለቱ ላይ የተቃጠለ ዘይት ያንቆረቁርበታል። የጭነት መኪኖች ዘይት ሲቀየርላቸው የሚወጣውን ያንን ጥቁር ዘይት ማለቴ ነው፤ ጋራዥ ሄዶ በጠርሙስ ያስሞላል። ሰንሰለቱን እስኪንጠባጠብ ድረስ ያጠግበውና የኮረኮንቹን መንገድ ይያያዘዋል። የኛን መንገድ ታውቀዋለህ፤ አንድ በግ ሲሮጥበት እንኳ አገሩ በአቧራ ይሸፈናል። አቧራው መጥቶ ዘይቱ ላይ ይጣበቃል። በማግስቱ በዚያው ላይ ሌላ ዘይት ያፈስበታል፤ ሌላ አቧራም ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ ከሥር ብረት መኖሩ እስኪረሳ ድረስ ወፍራም ጥቁር እድፍ ለበሰ።

ሌሎች ሞተረኞች «ኧረ ይሄን ነገር እጠበው» ሲሉት ይስቅባቸዋል። «ልብሱ እኮ ነው፤ ብገፈው ዝናብ ይበላዋል፣ ይዝጋል» ይላቸዋል። ከልቡ ነው የሚያምነው። ማስረጃም ነበረው፤ ሰንሰለቱ መንጫጫት ሲጀምር ዘይት ያፈስበታል፣ ወዲያው ዝም ይላል። ዝም ካለ ዳነ ብሎ ይነሳል። አቧራና ዘይት ተቀላቅለው ብረቱን ከውስጥ እንደ ሞረድ እየበሉት መሆኑን አላወቀም፤ ጆሮው የሚሰማው ዝምታውን ብቻ ነው።

ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ቀጠለውና ዘይት ጨመረበት። እንደገና ተበጠሰ። አውጥቶ ጥሎት አዲስ ገጠመላት፤ አዲሱንም ያንኑ ጥቁር ልብስ አለበሰው፣ እርሱም ውሎ አድሮ ተበጠሰ። አንድ ጊዜ ሻጩን ረገመ፣ አንድ ጊዜ መንገዱን ረገመ፤ አንድ ጊዜማ ጎረቤቱን «ዓይንህ ነው የበላኝ» ብሎት ሰውየው እስከ ዛሬ አኩርፎታል። ብቻ ሁሉን ሲከስ የዘይቱን ጠርሙስ የከሰሰበት ቀን የለም።

ወተት ደግሞ አይጠብቅም። ከተማ ውስጥ ወተቱን የሚረከበው አንድ ሀብታም የሻይ ቤት ባለቤት ነበር፤ እርሱም ትዕግሥቱ አለቀ። «እኔ ለደንበኞቼ የረጋ ወተት አላቀርብም። ከእንግዲህ አንድ ቀን ብታረፍድብኝ ሌላ ሰው ይዣለሁ፤ አትልፋ» ሲል ቁርጡን ነገረው። ሰውየው ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ ምን አደረገ መሰለህ? ዘይቱን በእጥፍ አፈሰሰው።

አሁን ይቺን ልብ በልልኝ። ይኸው ሰው በወተት ነገር ሲመጡበት የሚቀመስ አይደለም። ሴቶቹ ወተታቸውን ይዘው ወደ መንገዱ ሲወጡ ከሰላምታው በፊት አፍንጫው ነው የሚቀድመው። መያዣው በደንብ ካልታጠበ፣ በወይራ ጭስ ካልታጠነ፣ ትንሽ እንኳ የትናንት ሽታ ከሸተተው ወተቱን አይቀበልም። በትናንቱ ላይ የዛሬው ከተጨመረ ሁሉም እንደሚበላሽ ያውቃል። ያን ዕለት ጠዋትም የአንዲት ባልቴት ወተት አሽትቶ፣ «እማማ፣ ዕቃው የትናንቱን ይዟል» ብሎ መልሶባታል።

ወተቱን ጭኖ ገና ከመንደሩ ሳይርቅ፣ እዚያችው ባልቴት ደጅ አጠገብ ሰንሰለቱ ቋ ብሎ ተበጠሰ። ወረደና መንገዱ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይዋ እየወጣች ነው፤ ወተቱ ከኋላው ነው፤ የሻይ ቤቱ ባለቤት ቃል ጆሮው ላይ አለ። አለቀሰ፤ ትልቅ ሰው ሆኖ እንባውን ሳይጠርግ አለቀሰ።

ባልቴቷ አየችውና መጣች። ጠዋት ወተቷን የመለሰባትን አላነሳችም። መጀመሪያ የወተት ዕቃዎቹን ወደ ቤቷ ጥላ አስገባቻቸው፣ እርጥብ ጆንያ ደረበችባቸው፤ ከዚያ ተመልሳ አጠገቡ ጎንበስ አለች።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?»

«ይሄ ሰንሰለት ነው እማማ። አንድ ቀን ዘይት አጉድዬበት አላውቅም፤ እሱ ግን ጉድ ይሠራኛል።»

ባልቴቷ ሰንሰለቱን በጣቷ ነካ አደረገችና ጣቷን አሸተተችው።

«መቼ ነው የታጠበው?»

«አይታጠብም እማማ። ዘይት ነው የሚጨመርበት።»

«በትናንቱ ላይ?»

«አዎ፣ በትናንቱ ላይ።»

«ታዲያ ጠዋት የኔን ወተት ለምን መለስክብኝ?» አለችው።

ልታሳፍረው አይደለም፤ ግራ ገብቷት ነው የጠየቀችው። ሰውየው ይህን ሲነግረኝ «ሸህ፣ በሕይወቴ እንደዚያ አፌ የተያዘበት ቀን የለም» ብሎኛል።

ተነሣና የተበጠሰውን ሰንሰለት አወጣው። ባልቴቷ ከኩራዟ ላምባ በአሮጌ ሳህን ቀዳችለት። ሰንሰለቱን ላምባው ውስጥ ነክሮ፣ ከጆንያ ጨርቅ ቀዶ የሰንሰለቱን ዓይን፣ ቀለበቶቹን ማለቴ ነው፣ አንድ በአንድ ያሸው ጀመር። የወጣው ነገር አተላ ነው የሚመስለው። ደፋው፣ ሌላ ላምባ ለመናት፣ እንደገና አሸው። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ጥርሳም ብረትም ፈቅፍቆ አጸዳው። በመጨረሻ ብረቱ ብቅ አለ፤ ያ ብረት ይህን ያህል ነጭ መሆኑን ረስቶት ኖሯል።

ብረቱ ብቅ ሲል ግን ሌላም ነገር አብሮ ብቅ አለ። ካልተበጠሱት ዓይኖች አንዱ እስከ ግማሹ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁን ያ ሁሉ ጥቁር እድፍ ሸፍኖት ነበር። ሰውየው ደነገጠ። «ምነው ባላጠብኩት» አለ፤ ለቅጽበት መልሶ ሊሸፍነው ሁሉ ተመኝቶ ነበር። ባላየው ኖሮ ቁልቁለቱ መሃል፣ ወተቱን ይዞ ገደል ይከተው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የታየው ስንጥቁ ብቻ ነው። ከዚያ እንደ ወንድ ልቡን አጠና። የተሰነጠቀውንም የተበጠሰውንም አውልቆ ከኮሮጆው መለዋወጫ ዓይን አውጥቶ ቀጠለው። በደረቅ ጨርቅ እስኪደርቅ ጠረገው። ለሞተሯ ሆድ ያስቀመጠው ንጹሕ ዘይት ነበረው፤ ከእርሱ የኋላውን ጎማ በእጁ እያዞረ ከሰንሰለቱ በውስጥ በኩል ጠብ ጠብ አደረገለት። የተረፈውን መልሶ ጠረገው። ዘይቱ ከላይ አይታይም ነበር፤ መግባት ያለበት ቦታ ግን ገብቷል።

ከተማ ሲደርስ የሻይ ቤቱ ባለቤት በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ፤ ቢያረፍድበትም ወተቱ ጥላ ውስጥ ስለቆየ አልረጋም፣ ተረከበው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ዘይቱን ከማንሳቱ በፊት ጨርቁን ያነሳል። ሰንሰለቱ አንዳንዴ ይንጫጫል፤ ሲንጫጫ ግን ዝም ለማሰኘት አይቸኩልም፣ ቁጭ ብሎ ምን እንደገባበት ያያል።

አሁን ወዳንተ ልምጣ ይመር። ያስታረቋችሁ ሽማግሌዎች ደጋግ ሰዎች ናቸው። ግን ቸኩለው፣ ገና ነገሩ ሳይነሳ «ያለፈው አለፈ፣ አታንሱት፤ በሉ ተቃቀፉ» አሏችሁ። ተቃቀፋችሁ፣ ዱአ ተደረገ፣ በግ ታረደ። ዝም አላችሁ፤ ዝም ስላላችሁም ታረቁ ተባለ። ወር ሳይቆይ በመስኖው ቦይ ተጣላችሁ። ደግሞ ይቅር ተባባላችሁ፤ ከዚያ በአጥሩ ተጣላችሁ። እኔ አንተን ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ፤ ለቦይ የምትጣላ ሰው አይደለህም። አንተን የሚበላህ ሌላ ነው። እናታችሁ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ታማ ስትሞት አንተ ከተማ ነበርክ፤ ቀብሯ ላይ አልደረስክም። «ወንድሜ ሆን ብሎ አልላከብኝም» ትላለህ። ይህን ለእኔ ነግረኸኛል፣ ለሚስትህ ነግረሃታል። ለሙሄ ግን አንድም ቀን አልነገርከውም። ስለዚህ የተባባላችሁት ይቅርታ ሁሉ፣ ያ ሁሉ መተቃቀፍ፣ በዚያ እድፍ ላይ የፈሰሰ ዘይት ነው። ይቅርታው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ሳታጥቡ ስለምታፈሱት ከእድፉ ጋር ተቀላቅሎ እናንተኑ ይሞርዳችኋል።

ምን አልክ? ያ ነገር ከተነሳ እርቁ ይፈርሳል? የትኛው እርቅ?

ጁምዓ ትሄዳለህ። ተቃቀፉ ሲሏችሁ «ትንሽ ታገሱን» ብለህ ወንድምህን ፊት ለፊት ጠይቀው። የሚመልስልህንም እስከ መጨረሻው ስማ፤ ይኼኛው ይብስብሃል። የተሰነጠቀ ነገር ታያለህ፣ ምነው ባልነካሁት ትላለህ፤ ያን ጊዜ እንዳትሸሽ። ሁሉም ወጥቶ ካለቀ በኋላ ብዙ ይቅርታ አያስፈልጋችሁም፤ ጥቂቱ ይበቃል፣ ይበረክታልም። እኔ በዚህ አልጠራጠርም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሙሄ ትናንት መጥቶ አንተ የተቀመጥክባት ላይ ተቀምጦ ነበር። እርሱም ያንተኑ ጥያቄ ነው የጠየቀኝ፤ እርሱም ጁምዓ መቅረት ነው ያማረው። ንገርልኝም አትንገርብኝም አላለኝ። ስለ ቦዩ አላነሳልኝም፣ ስለ አጥሩም አላነሳልኝም። «እናታችን ይመር ይመር እያለች ነው የሞተችው፤ ሰው ልኬበት ነው የቀረው» ነው ያለኝ፣ እያለቀሰ።

ተነሥ። ጁምዓንም አትጠብቅ፤ አሁኑኑ ሂድና ማንን እንደላከብህ ጠይቀው።