የበር ጠባቂው ይግባኝ

አንድ የሮም ገዥ ልጁን በቀበረ ማግስት፣ ለልጁ ሞት ምክንያት ነው የተባለ ሰው ተይዞ ቀረበለት። የገዥው ስም ቬትሪዮስ ነው። የተያዘው ደግሞ ስካፍዮስ የሚባል የከተማዋ በር ጠባቂ ነበር። ጠላት በመጣ ዕለት በሩ ክፍት ሆኖ ተገኝቷል፤ የቬትሪዮስ ልጅም እዚያው ሲከላከል ወድቋል። ጠላት ቢመለስም ሕዝቡ በር ጠባቂው ከጠላት ጋር ተመሳጥሯል ብሎ አምኗል።

ስካፍዮስ ሊያስረዳ ሲጀምር ቬትሪዮስ አቋረጠውና ወታደሮቹን "ውሰዱና ግደሉት" ብሎ አዘዘ።

"ጌታዬ፣ ለሕዝቡ ይግባኝ እላለሁ" አለ ስካፍዮስ።

የሮም ሕግ ለዜጎች ይህን መብት ይሰጥ ነበር። ቬትሪዮስም ሕጉን ያውቃል፤ ሲሾም ሊያከብረው ምሏል። ያን ዕለት ግን ሐዘኑ በለጠበትና ትእዛዙን ደገመ።

ሮም ነገሥታቷን ካባረረች ወዲህ በአንድ ሰው አትገዛም ነበር። በየዓመቱ ሁለት ገዥዎች ትመርጣለች፤ ሥልጣናቸው እኩል ነው፤ አንዱ ያዘዘውን ሌላው መከልከል ይችላል። ሁለተኛው ገዥ ኖንዮስ የቬትሪዮስ የልጅነት ጓደኛ ነው። የሟቹን አስከሬን አብሮ ተሸክሟል። ከመቀመጫው ተነሥቶ ወታደሮቹ ፊት ቆመ።

"እከለክላለሁ" አለ።

"ልጄን አብረኸኝ ቀብረህ ስታበቃ ለገዳዩ ትቆማለህ?"

"ለእሱ አልቆምኩም። ጥፋተኛ ከሆነ ሕዝቡ ይፍረድበት። አንተ ግን ዛሬ ዳኛ መሆን አትችልም፤ አባት ነህ።"

ቬትሪዮስ ፊቱን አዙሮበት ወጣ። ከዚያ በኋላም ሰላምታ ነሣው።

ጉዳዩ በአደባባይ ተሰማ። ፓፕያ የምትባል የገጠር ሴት ልጆቿን ይዛ ከሕዝቡ መካከል ወጣችና ፊቷን ወደ ቬትሪዮስ አዞረች።

"ጌታዬ፣ በሩን ያስከፈተው ልጅዎ ነው" አለች። "እኛ ከእርሻችን ሸሽተን ስንመጣ በሩ ተዘግቶ ነበር። ጠላት ከኋላችን ደርሷል። በር ጠባቂው 'እንዳልከፍት ታዝዣለሁ' ሲል ልጅዎ 'ክፈት፤ እስኪገቡ ድረስ እኔ እቆማለሁ' አለው። እኛ ገባን። እሱ ውጭ ቀረ።"

አብረዋት የተረፉት ገበሬዎችም ይህንኑ መሰከሩ። ሕዝቡ ስካፍዮስን በነጻ አሰናበተው።

ቬትሪዮስ ወደ ሴትዮዋ ቀረበ። "ሌላስ ምን አደረገ?" ሲል ጠየቃት።

"ታናሹ ልጄ ወድቆብኝ ነበር። አንሥቶ አቀበለኝ።"

ቬትሪዮስ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። ከዚያም ኖንዮስ ወዳለበት ሄዶ "ባትከለክለኝ ኖሮ ልጄ እንዴት እንደሞተ ሳላውቅ እሞት ነበር" አለው።

ያቺ ሮም ዛሬ የለችም። ገዥዎቿ አፈር ሆነዋል፤ አደባባዮቿም ፈርሰዋል። ሰው ሳይሰማ አይፈረድበት የሚለው ሕግ ግን ባሕር ተሻግሮ፣ ዘመን ተሻግሮ እስከ እኛ ፍርድ ቤቶች ደርሷል። ሕግ የሚጠብቀው የተከሰሰውን ብቻ አይደለም። ፈራጁንም፣ በኋላ ሊመልሰው ከማይችለው ስሕተት ይጠብቀዋል። አገርም የሚጸናው ሥልጣንን የሚከለክል ሌላ ሥልጣን ሲኖረው ነው።

እኛስ በተናደድንበት ሰዓት "ቆይ፣ መጀመሪያ ይሰማ" የሚለን ወዳጅ አለን? ቢኖረንስ እንሰማዋለን?