በብረቱ ጥላ ላይ የተሰመረ መስመር

አንድ ሐኪም ነበረ። ቁጭ በል ይትባረክ፤ ጓንትህን አውልቅና ስማኝ። «ምስሉ ውስጧ ባለው ብረት ቢበላሽም የሽንት ፊኛዋ የት እንደሚሆን ከልምድ አውቃለሁ፤ በግምት ባሰምረው ምን አለበት?» ብለህ በበሽተኛዋ ራስጌ ጠየቅኸኝ። እሷ እየሰማች! መልሴ ይህ ነው።

ያ ሐኪም እንዳንተ በጨረር የሚያክም ነበር። እጁ ፈጣን፣ ስሙ የተመሰገነ። የማህፀን በር ካንሰር የያዛት አንዲት ቅቤ ነጋዴ ወደ እሱ መጣች። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን በቅቤ ያሳደገች፣ በገበያው «የእሷን ቅቤ ማንም አሽትቶ አይገዛም» የሚባልላት ሴት ነበረች።

ጨረሩ ከዕጢው ሥር እንዲደርስ የብረት ቱቦ ማህፀኗ ውስጥ ተደረገ። ከዚያ ሲቲ ስካን ተነሣች። ብረት በምስሉ ላይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ፤ ነጭ ብልጭታ ይረጫል፣ በነጩ መሐል ጥቁር ጥላ ይጥላል። የፊኛዋ ጠርዝ ጥላው ውስጥ ጠፋ።

የፊዚክስ ባለሙያው፣ «ትንሽ ታገሠኝ፤ ጥላውን በኮምፒውተር ልቀንሰው» አለው።

«ውጭ ስንት ሰው እንደሚጠብቅ አታይም? ፊኛ የት እንዳለ አሁን ሊነገረኝ ነው?» አለና ጨረሩ እንዳይጎዳው የፊኛዋን ጠርዝ የሚለየውን መስመር በጥቁሩ ላይ አሰመረ።

ሴትየዋ ከተኛችበት አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ልጄ፣ ውስጤን ደህና አድርገህ አየኸው?» አለችው።

«አይቼዋለሁ እናቴ፤ አያስቡ።»

አላየም! ምኑን አየው?

ካንሰሩ ጠፋ። በቤቷ እልል ተባለ። ዓመት ሳይሞላ ግን ፊኛዋ ተቀደደና ሽንቷ በብልቷ በኩል ይፈስ ጀመር። ጨርቅ ብትደራርብ አልቆም አለ። ገበያ ስትቀመጥ ደንበኞቿ ቅቤውን አንሥተው አሸተቱ፤ መልሰው አስቀመጡት፤ ወደ ጎረቤቷ ሄዱ። ቅቤው ምንም አልሆነም ነበር። ይህን ለሰው እንዴት ብላ ትናገረው?

ወደ ሐኪሙ ተመለሰች። «ያኔ ያየኸውን አሳየኝ» አለችው።

ምስሉን ከፈተላት።

«ፊኛዬ የቱ ነው?»

ጣቱን ጥቁሩ ላይ አደረገ።

«እዚህ እኮ ምንም የለም፤ ጨለማ ነው» አለች።

ያን ጊዜ ነው የፊዚክስ ባለሙያውን ያስጠራው። ሰውየው የዚያን ቀኑን ምስል በኮምፒውተር አጠራው። ጥላው ሳሳ። ፊኛው ሐኪሙ ባሰመረበት ቦታ አልነበረም፤ ዝቅ ብሎ ቱቦው ላይ ተለጥፎ ተኝቷል። ጨረሩን ከቅርብ ጠጥቶታል።

«ጊዜ አልነበረም፤ ውጭ ብዙ ሰው ይጠብቅ ነበር» አለ ሐኪሙ።

«እኔስ ከብዙው ሰው አንዷ አልነበርኩም?»

ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ይቅርታ ቢላትም አልሰማችለትም፤ እኔም ስሚለት አልላትም። በኋላ ቀዶ ሕክምና ተሞከረላት፤ በጨረር የተቃጠለ ሥጋ ስፌት አልይዝም አለ። ገበያውን ተወችው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ሐኪሙ ማየት ስላልቻለ አልነቅፈውም፤ ብረት የማንንም ዓይን ይጋርዳል። የሚያንገበግበኝ ጥላውን ማንሻው እጁ ላይ እያለ በሰው ገላ መገመቱ፣ ገምቶም «አይቼዋለሁ» ማለቱ ነው። ወረፋው ረጅም ነው ትለኛለህ። አውቃለሁ፤ ካንሰሩ እያደገባቸው ተራ የሚጠብቁ እናቶች ደጃችን ላይ አሉ። ተራቸው ሲደርስ የሚጠብቃቸው ግምት ከሆነ ግን፣ ምን ብለን ነው የምናስጠብቃቸው?

አንተ ያን ሐኪም ትመስላለህ ይትባረክ። ልዩነታችሁ መስመሩን ገና አለማስመርህ ብቻ ነው። በሽተኛህ ብረቱ ውስጧ እንዳለ ጥርሷን ነክሳ ተኝታለች። ተነሥና ምስሉ በኮምፒውተር እንዲጠራ አድርግ። ጠርቶም የፊኛዋ ጠርዝ ካልታየህ፣ «አላየሁም እናቴ» ብለህ ንገራት፤ ብረቱን በፕላስቲክ ቱቦ ቀይረን እንደገና እናነሣታለን። ውጭ ለሚጠብቁት እኔ ወጥቼ እነግራቸዋለሁ።