የይመኙሻል ጉርሻ

ልጆቼ፣ ይህ የሆነው የአያቶቻችን አያቶች ሳይወለዱ ነው። ዓመቱን አልቆጥርላችሁም፤ ቦታውን ግን አውቀዋለሁ። አሞሌ ማደሪያ ይባል ነበር። ከበረሃ ጨው ጭነው የሚወጡ ነጋዴዎች እዚያ ያድራሉ፤ ለማደሪያቸውም ጨው ትተው ይሄዳሉ። ጨው እንደ አፈር በዛ። ወጡ ጨው፣ ቆሎው ጨው፣ እርጎው ሳይቀር ጨው ሆነ።

በዚያ መንደር ይመኙሻል የምትባል፣ የሰው ማሳ እያረመች የምትኖር ሴት ነበረች። ባሏ ገና በጉልበቱ ሳለ ጭንቅላቱን ይዞ ወደቀ፤ አልተነሳም። ከእሱ በፊት አጎቱ እንዲሁ ወድቋል፤ ጎረቤታቸውም እንዲሁ። ዛሬ ሐኪሞች ደም ግፊት የሚሉት ያን ጊዜ ስም አልነበረውም። ሰዉ "ዓይን ነው" ብሎ ቀበረ። እሷ ግን "ለምን የእኛ ሰው ብቻ?" አለች።

ተራራው አናት ላይ ወይብላ የሚባል መንደር አለ። የዚያ ሽማግሌዎች በሰማንያ ዓመታቸው ዳገት ይወጣሉ ሲባል ሰማችና ወጣች። አንድ ክረምት አረመችላቸው። እያረመች ጠየቀች፣ እየጠየቀች በየድስቱ አየች። ጎመን አየች፣ ባቄላ አየች፣ ነጭ ሽንኩርት አየች፣ የተልባ ውሃ አየች። ጨው ግን ዳገቱን እምብዛም አይወጣም።

ተመለሰች። ወንድሟ አጥናፍ ራሱን ያመው፣ ጆሮው ይጮኽበት ነበር። እንደ ወይብላ ሰው ቀቀለችለት። ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

"እህቴ፣ ምን በደልኩሽ?"

"ምንም። እስከ ጥምቀት ብቻ ታገሠኝ" አለችው።

ጎረቤት ሳቀ፤ "ጨው ሞልቶ ጨው ነፈገችው" አለ። ጥምቀት ሲደርስ የጆሮው ጩኸት ቀነሰ። ጠፋ አላልኳችሁም፤ ቀነሰ።

ወሬው የአገሩ ገዥ ባላምባራስ ደርሰህ ዘንድ ደረሰ። እሳቸው ፊታቸው ቀልቶ፣ ዓይናቸው ብዥ ብሎ ተኝተው ነበር። አስጠሯትና "ካልተሻለኝ ከአገር ትወጫለሽ" አሏት። ማዕድ ቤት ገባች። ሃያ ቀን ቀቀለች። ምንም ለውጥ የለም።

ማታ ማታ ሲጨንቃት አንድ ነገር ገረማት። የባላምባራስ የውሃ ቅል ሁልጊዜ ባዶ ነው። ጨው ያልበላ ሰው ይህን ሁሉ ውሃ ምን ያደርግለታል? ስትገባ እጃቸውን ከትራሳቸው ሥር ሲያወጡ አየች፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

"ጌታዬ፣ አሞሌውን ይስጡኝ።"

"የምን አሞሌ?"

"ትራስዎ ሥር ያለውን።"

ባላምባራስ አፈሩ። ትራሱን አነሱ። ከመላስ ብዛት መሃሉ የጎደጎደ አሞሌ ጨው ነበር። አዩት፣ አዩዋት፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በገዛ እጃቸው ሰጧት። ከዚያ ወዲያ ዓይናቸው ጠራ፤ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ በእግራቸው ሄደው ተገኙ። ይመኙሻል ከአገር አልወጣችም፤ አርጅታ እዚያው ሞተች።

በተዝካሯ ቀን፣ ዕድሜ የጠገቡት ባላምባራስ ወጡ ያለ ጨው እንዲሠራ አዘዙ፤ ጨው በትንሽ ዋንጫ ከገበታው ዳር ይቀመጥ አሉ። መጀመሪያ ራሳቸው ቆረሱና "ይህቺ የይመኙሻል ናት" ብለው እንዲያው ጎረሱ።

እስከ ዛሬ እዚያ አገር ድግስ ብትጠሩ የመጀመሪያዋ ጉርሻ ጨው አይነካትም። "የይመኙሻል ናት" ይላሉ። እንግዳ "ይመኙሻል ማን ናት?" ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ገበታው ሁሉ እኩል ማውራት ይጀምራል፤ ጨዉንም የሚያስታውሰው የለም።