ከካርታው የጠፋው ቦረቦር

በአንድ ወቅት፣ ሰው ከዓይኑ ይልቅ ካርታ ማመን ከጀመረ ወዲህ ማለቴ ነው፣ አቶ ጓንጉል የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ሦስት ልጆቻቸው ሦስቱም መሬት ቀያሾች ሆኑላቸው። ገበያ በወጡ ቁጥር ደረታቸውን ነፍተው፣ «አገር የሚለካው በእኔ ልጆች ነው» ይሉ ነበር።

ከመንደራቸው በታች የመስኖ ግድብ ሊሠራ ሆነ። ውኃው የሚደርስበት መስመር ይሰመራል፤ ከመስመሩ በታች ያለ ሰው ቤቱን ለቆ ይነሳል፣ ከበላይ ያለው ይቀራል። የአቶ ጓንጉል ሚስት የተቀበሩበት ደብር ከቤታቸው ጥቂት ከፍ ብሎ ነበርና ሽማግሌው ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ «ከእናታችሁ መቃብር ያራቀኝን ልጄ አልለውም» አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቃሉ ልጆቹ ጆሮ ውስጥ ቀረ።

ታላቁ ይርዳው እግረኛ ነው፤ የመለኪያ ዘንግ ይዞ የመሬቱን ከፍታ ነጥብ በነጥብ ይለቅማል። ከአባቱ ቤት ጀርባ ጎርፍ የቆረጠው፣ ቀጋና አጋም የሞላበት ጠባብ ቦረቦር አለ። ይርዳው የወዲህኛውን ጠርዝ ለካ፣ የወዲያኛውን ጠርዝ ለካ። ወደ ውስጥ ግን አንዴ ብቻ ወርዶ አንዲት ነጥብ ወሰደ። እንደገና ሊወርድ ሲል እሾህ ጭኑን ሸረከተው። «ይበቃል» ብሎ ሄደ።

መካከለኛዋ አገርነሽ ሥራዋ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ወንድሟ በለቀማቸው ነጥቦች ላይ ባለ እኩል ካሬ መረብ ይዘረጋል፤ በየካሬው ማዕዘንም አንድ የከፍታ ቁጥር ያስቀምጣል። ሰው ያልረገጠውን ቦታ ከጎረቤት ነጥቦች ገምቶ ይሞላል። አገርነሽ መረቡን ስትመረምር ከጎረቤት ነጥቦች ስድስት ሜትር ዝቅ ያለች ብቸኛ ነጥብ አገኘች። እንዲህ ያለችው ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ የለኪ ስህተት ናት። ስልክ ደወለች።

«ጋሼ፣ ስድስት ሜትር ዝቅ ያለች ብቸኛ ነጥብ አለች፤ ትክክል ናት?»

ይርዳው አንዴ ብቻ መውረዱን መናገር አፈረ። «አንቺ እንደመሰለሽ አድርጊ» አላት።

ሰረዘቻት። ሶፍትዌሩም ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሜዳ አድርጎ ቦረቦሩን ደፈነው። ያደገችበት ጓሮ መሆኑን አላወቀችም፤ ስክሪን ላይ ጓሮ የለም፣ ያለው ቁጥር ነው። መስመሩ ከአባቷ ቤት ርቆ ማለፉን ግን አየች፤ ደስም አላት። በእርግጥ አላወቅሁም ነበር ወይ እያለች ዛሬም ራሷን ትጠይቃለች።

ታናሹ አንዳርጌ መስመሩን መሬት ላይ በችካል ያሰፍራል። የአባቱ ጓሮ ሲደርስ የካርታውን ወረቀት አየ፣ ቦረቦሩን አየ። ወረቀቱ ላይ ቦረቦር የሚባል ነገር የለም። ውኃው በዚያ ሾልኮ ቤቱ ሥር እንደሚደርስ ያኔውኑ ገባው። አባቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡ።

«ቦረቦሩስ፣ ልጄ?»

«ተለክቷል፣ አባባ። እርስዎ አይነሱም።»

ሽማግሌው ግንባሩን ሳሙት። አንዳርጌም ሆድ ይፍጀው ብሎ ችካሉን ተከለ።

በሁለተኛው ክረምት ግድቡ ሞላ፤ ውኃው በቦረቦሩ ወደ ላይ ገባ። ጎረቤቶች፣ «ኧረ ይውጡ!» ቢሏቸው አቶ ጓንጉል በምርኩዛቸው ችካሉን እያሳዩ፣ «ልጆቼ የለኩት ነው፣ አያልፍም» አሉ። አለፈ። ከምሳ በኋላ ጋደም ባሉበት፣ ከሥሩ የራሰው የጀርባ ግድግዳ ተናደባቸው። ከፍርስራሹ ሲያወጧቸው ወገባቸው ተሰብሮ ነበር። ሁለት ቀን አቃሰቱ። በሦስተኛው ቀን ለንስሐ አባታቸው፣ «አፈር ልጆቼ ያልብሱኝ፤ የገደለኝ ግን አፈሬን አይንካ» አሉ። ማን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ «እሱ ራሱን ያውቃል» ብለው ዓይናቸውን ከደኑ።

ከሚስታቸው ጎን ተቆፍሮላቸው ሬሳቸው ወረደ። ቄሱ ኑዛዜውን በሕዝብ ፊት ተናግረው አካፋውን ዘረጉ። አገርነሽ ከሁሉ ቀድማ ያዘችው፤ ወንድሞቿም ከላይና ከታች እንቅ አድርገው ያዙ።

«እኔ ለክቻለሁ» አለ ይርዳው። «ነጥቧን ያጠፋቻት እሷ ናት።»

«ጠይቄሃለሁ!» አለች አገርነሽ። «እኔ ያየሁት ቁጥር ነው። ቦረቦሩን በዓይኑ አይቶ የዋሸው አንዳርጌ ነው።»

አንዳርጌ እያለቀሰ፣ «ይነሱ ብል ኖሮ ልጄ አይደለህም ይሉኝ ነበር» አለ። «እንደወደዱት አኖርኳቸው። የሰጣችሁኝን መስመር ነው የተከልኩት።»

ከለቀስተኛው መሀል አንድ አዛውንት፣ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ጓንጉልስ ቦረቦሩን አጥቶት ነው? የልጆቹን ምላስ ያሰረው ራሱ አይደለም?» ብለው አጉተመተሙ።

ዝናቡ ጀመረ። ጉድጓዱ ውኃ ማቆር ያዘ፤ የገደላቸው ውኃ እዚህም ተከተላቸው። አገርነሽ የአባቷ ሬሳ ሲርስ እያየች አካፋውን ልትለቅ አሰበች፤ ብለቀው «እኔ ነኝ» ማለቴ ነው ብላ መልሳ ጨበጠች። ወንድሞቿም አልለቀቁ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ሦስቱም ቢከለከሉ አባት ልጅ አፈር ሳያለብሳቸው ሊቀሩ ነው። ሦስቱም ቢያለብሱ የሟች ቃል ሊፈርስ ነው። እዚያ ብትቆሙ ኖሮ፣ አካፋውን ከማን እጅ ትነጥቁ ነበር?