የጃርት ለቅሶ

ተረት ተረት፤ የሚሰማ ይቅረብ፣ የሚስቅ ይራቅ።

አንድ ጃርት ነበር። እንደ ጎረቤቶቹ ሥር እየማሰ ነው የሚበላው፤ ሰውነቱ ግን እየወፈረ ሄዶ ከጉድጓዱ ብቅ ሲል እንኳ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ጎረቤቶቹ "ተመችቶሃል" እያሉ ይስቁበታል። ሚስቱ ግን ሰግታ መድኃኒት አዋቂው ጦጣ ዘንድ ወሰደችው።

ጦጣ ቀድማ ለመጣች ለምታስል ጥንቸል ቅጠል ቀጥቅጦ ሰጣት። የጃርት ተራ ሲደርስ ሆዱን በጣቱ ነካ አድርጎ ሳቀ።

"አያ ጦጣ፣ አሞኛል እኮ" አለ ጃርት።

"ይሄማ ጥጋብ ነው። አፍህን ዝጋ እንጂ የሚያምህ ነገር የለም።"

ጃርት አፉን ዘጋ። ጾሞ ከረመ፤ የቀነሰው ግን አቅሙ ብቻ ነበር። አንድ ጧት ጉድጓዱ አፍ ላይ ወድቆ ሞተ።

አራዊቱ ለቅሶ ደረሱ። ጦጣም ከሁሉ ፊት ተቀምጦ፣ እንደ ደንቡ፣ "እግዜር ያጽናሽ እቴ። ለመሆኑ ምን አሞት ነበር?" ሲል ጠየቀ።

የጃርት ሚስት እሾህ አንድ በአንድ ቆመ።

"ምንም አላመመውም፤ አንተው ነህ የነገርከን። በል ተነሥና በዚህ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት፣ ጤነኛ ሞተ ብለህ አልቅስ።"

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱ።