ተረከዝ የተባለው ጉድጓድ

ከቤተ ክርስቲያናችን ቁልቁል ሲወርዱ ሸክላ ሠሪዎች አፈር የሚያወጡበት ቀይ ጉድጓድ አለ፤ ስሙ ተረከዝ ነው። በእኛ አገር ልጇን ክርስትና ያስነሣች እናት መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደዚያ ነው። የልጇን ቀኝ ተረከዝ እርጥብ ጭቃ ላይ ጫን አድርጋ ታነሣና ጭቃውን ለሸክላ ሠሪዋ ትሰጣለች። ለምን ቢባል ሽማግሌዎች የሚሉት እንዲህ ነው።

ድሮ አገሩ ሁለት ቤት ነበር ይባላል። ላይ ቤቶች የመጀመሪያው አባታችን በቀስተ ደመና ተንጠላጥሎ ከሰማይ ወረደ ይሉ ነበር። ሸክላ ሠሪዎቹ ታች ቤቶች ደግሞ የእኛ እናት ከዚህ ጉድጓድ ወጣች ይላሉ። ታዲያ ላይ ቤቶች «የፍልፈል ዘር» እያሉ ይሰድቧቸው፣ በሠሩት እንስራ እየጠጡም እጃቸውን ሳይጨብጡ ይኖሩ ነበር። ሁለቱም ቤት ይጾማል፣ ሁለቱም ያስቀድሳል፤ ይህን ነገር ግን ማንም ከልቡ ሊያወጣው አልቻለም።

በላይ ቤት የሻረግ የምትባል፣ ሁለት ልጅ የቀበረች ወጣት ነበረች። ሦስተኛዋ ልጇ፣ ሴት ናት፣ ሰማንያ ቀን በሞላት ጠዋት ጡት እንቢ አለች፤ ትንፋሿም ቀጠነ። ከአማቷ ከአባ ጓንጉል ጋር ይዘዋት ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ክርስትና እናት ልትሆን የነበረችው ዘመዳቸው የለችም፤ ወንዝ ሞልቶባት ማዶ ቀርታለች። ሌላ ሴት እንዳያስጠሩ መንደሩ ሩቅ ነው፣ ልጅቱም የምትቆይ አትመስልም።

በክርስትና ቤቱ የተገኘችው አንጓች ብቻ ነበረች። አንጓች የታች ቤት ሸክላ ሠሪ ናት፤ የማጥመቂያው ጋን ተሰንጥቆ አዲስ አምጥታ፣ እንዳይንከባለል ሥሩን በእርጥብ ጭቃ ስታስደግፍ አገኟት።

«እሷ ታንሣት» አሉ ቄሱ፣ መምሬ ክንፉ።

«እሷ?» አሉ አባ ጓንጉል። «የሰማይ ዘር በፍልፈል እጅ? ነገስ አበልጅ ብዬ ልጠራት ነው?»

አንጓች ከጭቃዋ ቀና ሳትል፣ «አባቴ፣ ልጅቱ የምትጠመቅበትን ጋን የሠራው ይኸው እጅ አይደል? ወይስ ጋኑም ከሰማይ ወረደ?» አለች። ዲያቆኑ ሳቁን ዋጠ ይባላል።

መምሬ ግን አልሳቁም። «ጓንጉል፣ የሁለታችሁም አባቶች አልዋሹም፤ ግማሽ ግማሹን ያዙ እንጂ። እግዚአብሔር አዳምን ከምድር አፈር አበጀው፤ ይህን ታች ቤቶች አልረሱም። የሕይወትን እስትንፋስ እፍ አለበት፤ ይህን እናንተ አልረሳችሁም። አንዱ ያለ ሌላው ሰው አይሆንም። ቀስተ ደመናውም ለኖኅ ልጆች ሁሉ የተሰጠ ኪዳን ነው፤ የአንድ ቤት መሰላል አይደለም።»

የሻረግ በአማቷ ፊት ድምፅዋን አሰምታ አታውቅም። ያን ዕለትም ብዙ አልተናገረችም፤ ጉንጯን ወደ ልጇ አፍንጫ አስጠግታ ትንፋሿን አዳመጠች፣ ከዚያ ሄዳ ጭቃ በጭቃ በሆነው በአንጓች ክንድ ላይ አስተኛቻት።

«እጄን ልታጠብ እንጂ፣ እቴ!»

«ተይው፣ ጊዜ የለም።»

እንደሚነገረው ልጅቱ ውሃው ሲነካት ተንፈራገጠች፤ አንጓች ተቀብላ ስታቅፋትም የልጅቱ ቀኝ እግር አምልጦ በተረከዙ ከጋኑ ሥር ያለውን ጭቃ ረገጠ፤ እሷም አገር የሰማው ለቅሶ አለቀሰች። ወዲያው ጡት ያዘች።

አባ ጓንጉል እግዜር ይስጥልን እንኳ ሳይሉ ወጡ። ሁለት ሳምንት ቆይተው ግን በምርኩዛቸው እያዘገሙ ወደ ጉድጓዱ ወረዱ።

«አበልጅ» አሉ፣ ቃሉ እየከበዳቸው።

«አቤት አበልጄ።»

«ያቺ ልጃችን የረገጠቻት ጭቃ የት ደረሰች?»

«ይዣት ወርጄ ከሌላው ጋር አቡክቼ እንስራ አደረግኋታ።»

«የትኛው እንስራ?»

«እኔስ ምኑን ለየሁት!»

የተደረደሩትን እንስራዎች አንድ በአንድ ተመለከቱ። ኋላ ሳቅ አሉና፣ «እንግዲያው ካገኘሽው አጠጪኝ» አሏት። ቆመው ጠጡ፤ ያንን ያየ ሁሉ፣ ላይ ቤትም ታች ቤትም፣ ልጁን ጭቃው ላይ ሊያስረግጥ ይዞ መውረድ ጀመረ።

ልጅቱ አድጋ ሰባት ወለደች ይላሉ፣ ዘጠኝ የሚሉም አሉ። ጭቃው ዛሬም ይቦካል። ከተረከዝ እንስራ ገዝታ የምትመለስ ሴት የማን ልጅ እንደረገጠው አታውቅም፤ ውሃ ሞልታ፣ በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ትወጣለች።