ቅቤ የጠጣው ምሰሶ

በአንድ ወቅት፣ ከአዲስ አበባ የሚወጣው መኪና ሁሉ መስቀልን አገር ቤት ሊውል ወደ ቡታጅራ በሚጣደፍበት ሰሞን፣ አንዲት ሚኒባስ ቀለምና ሚስማር፣ ፍራሽና ብርቱካን፣ አንዲት እናትና ሦስት ልጆቿን ጭና ትጓዝ ነበር።

እናቲቱ ወይዘሮ ወለቴ ይባላሉ። ባለቤታቸው አቶ መኩሪያ ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት አዲስ አበባ ሴት ልጃቸው ብርቅነሽ ዘንድ ነው። የአገር ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ ይከርምና ለመስቀል ይከፈታል። ቁልፉ በክር ታስሮ ከአንገታቸው አይወርድም፤ ሲታጠቡ እንኳ አያወልቁትም።

የዘንድሮውን ጉዞ ያሰቡት ልጆቹ ናቸው። ቀደም ብለን እንውጣ፣ ቤቱን እንጠግን፣ በዚያውም ትንሽ እንዝናና አሉ። እናትየው ደስ አላቸው፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ሁሉንም አድሱት። ግድግዳውንም ምረጉ፣ ቆርቆሮውንም ቀይሩ። ምሰሶውን ግን እንዳትነኩብኝ።»

«እሺ እማ።»

«እሺ አይበቃኝም። ማሉልኝ።»

«በአባታችን አጥንት!» አሉ ሦስቱም።

«እንግዲያው ስሙኝ። እኔ ደክሞኛል። ዘንድሮ ቁልፉን ለአንዳችሁ አስረክባለሁ። ቤቱም የእሱ ይሆናል፣ መስቀልም ከእንግዲህ በእሱ እጅ ይከበራል። ቃሉን የጠበቀልኝ ይወስደዋል።»

ስለ ምሰሶው ያልተነገረው ልጅ የለም። አቶ መኩሪያ በሠርጋቸው ዓመት ያቆሙት ነው። በእነሱ ቤት ልማድ፣ በመስቀል ዋዜማ የቤቱ እመቤት ምሰሶውን ቅቤ ትቀባዋለች። ወይዘሮ ወለቴ ደግሞ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሲቀቡት ግንባራቸውን አስደግፈው የዓመቱን ወሬ ሹክ ይሉታል። ሰው ፊት አያደርጉትም። ልጆቹ ግን ያውቃሉ።

በመንገድ ላይ ሳቅ አልጠፋም። የሚነዳው ታላቁ ሳህሌ ነበር። ታናሹ ዘርጋ አናጢ ነው።

«ሳህሌ፣ አንተ መዶሻ እንዳትነካ» አለ ዘርጋ። «ስትመታ ሚስማሩን ትተህ ጣትህን ነው የምታገኘው።»

«ለእሱ አይደል ሾፌር የሆንኩት!»

«የምትነዳውም እንደዚያው ነው» አለች ብርቅነሽ፤ እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ከደረሱ በኋላ ዘርጋ ቤቱን ዞሮ አየ። ምሰሶው ዘንድ ሲደርስ በጣቱ አንኳኳው። ድምፁ አላማረውም። ካቻቪቴውን ቢሰካበት እስከ እጀታው ገባ። ምስጡ ውስጡን ጨርሶ ቅርፊቱን ብቻ ትቶታል። ወንድሙንና እህቱን ጓሮ፣ እንሰቱ መሀል ጠራቸው።

«ብንነግራትስ?» አለች ብርቅነሽ።

«አትፈቅድም» አለ ሳህሌ። «ከነምሰሶው ልውደቅ ነው የምትለው።»

«የዋዜማ ለት አገሩ ሁሉ እዚህ ጣራ ስር ነው የሚሰበሰበው» አለ ዘርጋ።

ከዚያ በኋላ አልተማከሩም። ሁሉም የየራሱን አደረገ።

ሳህሌ እናቱን ይዞ ወጣ። «እማ፣ ተነሽ፣ ሀረ ሸይጣን ሐይቅን ላሳይሽ።»

«በመስቀል ሰሞን ሸይጣን ዘንድ?»

«እንኳን አደረሰህ ብለነው እንመለሳለን።»

ሐይቁ ከገደል በታች ነው፤ የተወረወረ ድንጋይ ውሃው ላይ አይደርስም ይባልለታል። ወይዘሮ ወለቴ ነጠላቸውን አደግድገው ወረወሩ። ደግመው ወረወሩ። «ይሄ ሸይጣን ድንጋዬን ሰረቀኝ!» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ስቀው አያውቁም። ሲመለሱ፣ «ዘርጋ ምን እየሠራ ይሆን?» አሉ። ሳህሌ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «ግድግዳ እየመረገ ነዋ» አላቸው።

ዘርጋ ጎረቤት ጠርቶ ጣራውን በድጋፍ እንጨት አስያዘ። መጋዙን አነሳ። ከዚያ አባቱ ያቆሙትን ቆረጠ። ደረቅ የጥድ ግንድ አስመጥቶ በቦታው ተከለ፤ ወገቡን አስደግፎ ገፋው፤ አልተነቃነቀም። ለማንም አልዋሸም፤ የጠየቀውም አልነበረም።

ብርቅነሽ አዲሱን ግንድ አይታ ደነገጠች። ነጭ ነው። «ይሄን ካየች ልቧ ይቆማል» አለች። ከጎረቤት ድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቃ፣ ከቡና አተላ ጋር ለውሳ፣ መዳፏ እስኪቃጠል አሸችው። የአባቷን የነጠላ መስቀያ ከአሮጌው ነቅላ እዚያው ከፍታ ላይ መታችው። አሮጌውን ቁራጭ እንሰቱ መሀል ከተተችው። የቀራት ቅቤ መቀባት ብቻ ነበር፤ ቅቤውን ግን ለበዓሉ ብላ ሰሰተችለት።

ወይዘሮ ወለቴ ተመልሰው ግድግዳውን አዩ፣ መረቁ። ምሰሶውን በሩቁ አዩት። እንዳለ ነው። ነጠላቸውን ሲሰቅሉ እጃቸው መስቀያውን ሳይፈልግ አገኘው።

በዋዜማው ሰዉ ደጅ ደመራ ሲደምር፣ ብቻቸውን ገብተው በሩን ገጠም አደረጉ። ቅቤ በመዳፋቸው ይዘው ምሰሶውን ቀቡት፤ ግንባራቸውን አስደገፉ። የጉልበታቸውን ሕመም ነገሩት። የሐይቁን ሳቅ ነገሩት። «ልጆችህም ቃላቸውን ጠብቀዋል» አሉት።

ቀና ሲሉ ቅቤው የለም።

ሌላ ጊዜ ያ ምሰሶ ቅቤ የጠገበ ነው፤ የቀቡት ላዩ ላይ አብረቅርቆ ወደ ታች ይወርዳል። ይሄኛው ጠጣው። ደግመው ቀቡት። ጠጣው። በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት፤ ነጭ እንጨት ወጣ።

ልጆቹን ጠሩ። ድምፃቸው አልጮኸም።

«እስካሁን የማወራው ለማን ነው?»

ሦስቱም የተፋቀውን ነጭ አዩ።

«ሳህሌ?»

«እንጨትም ያረጃል እማ፣ ሲያረጅ ውስጡ ይነጣል…»

«ዘርጋ?»

ዘርጋ መሬት መሬት አየ።

«አዲስ ነው እማ» አለች ብርቅነሽ። «ያጠቆርኩት እኔ ነኝ።» እጇን ዘረጋች፤ ጥፍሮቿ ስር ጥላሸቱ አልለቀቀም።

«የቆረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አለ ዘርጋ ያኔ። «ባልቆርጠው ዛሬ እላያችን ላይ ይወርድ ነበር።»

«እኔን መጠየቅ ምን አቃተህ?»

«አትፈቅጂማ!»

«ባልፈቅድስ? ባሌ ነው፣ ቤቴ ነው። እሺ ብዬ ባስቆርጠውም አልቅሼ እሰናበተው ነበር። እሱንም ከለከላችሁኝ።»

«እኔ በእጄም አልነካሁት» አለ ሳህሌ። «ሐይቁ ጋ የሳቅሽው ሳቅ ደግሞ ውሸት አልነበረም እማ።»

«ሳቁ የእኔ ነበር። የመጋዝ ድምፅ መሸፈኛ ያደረግከው አንተ ነህ።»

ከደጅ አንዱ ተጣራ፤ «እትዬ ወለቴ! ደመራው ሊለኮስ ነው፣ እናንተን ነው የምንጠብቀው!»

ወይዘሮ ወለቴ ክሩን ከአንገታቸው አወለቁ። ቁልፉ በመዳፋቸው ውስጥ ነው፤ መዳፉ ቅቤ በቅቤ ነው። ሦስቱን ተራ በተራ አዩ። ሁሉም የማሉት በአንድ አባት አጥንት ነው።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ። ዘርጋ መሐላውን በመጋዝ ቆረጠ፤ ዛሬ ጣራው የቆመው ግን በእሱ ነው። ሳህሌ ምሰሶውን አልነካም፤ እናቱን ግን እያሳቀ አታለለ፣ ሲጠየቅም ሊዋሽ ጀመረ። ያም ሆኖ ያን ሳቅ የሰጣቸው ሌላ ልጅ የለም። ብርቅነሽ እናቷን ከባዕድ እንጨት ጋር አስወራቻቸው፤ ስትጠየቅ ግን መጀመሪያ እውነቱን ያወጣችው እሷ ናት።

ደጁ እየጠበቀ ነው። ቁልፉ ለማን ይገባል?